መታወቂያዬ «ኤ» ይላል፣ ደሜ ግን «ኦ» ነው

ባለፈው ቅዳሜ አዲስ አበባ ዳር፣ ቦሌ አራብሳ፣ ታክሲ ተራው አጠገብ፣ ነጭ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። እኛ ሰፈር ድንኳን ሲታይ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ ለቅሶ ነው። «ማን ይሆን ደግሞ?» እያልኩ ቀረብ ስል ሙዚቃ ተከፍቷል። ለቅሶ አይደለም። ደም ልገሳ ነው።

ገባሁ። ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ስሜንና ክብደቴን ከጻፈች በኋላ «ጋሼ፣ የደም ዓይነትዎን ያውቁታል?» አለችኝ። እንዴታ! የሥራ መታወቂያዬ ላይ ተጽፎ የለ? «ኤ ፖዘቲቭ» አልኳት፣ መልሱን እንደሸመደደ ተማሪ። እሷ ግን አላመነችኝም። ጣቴን ወጋ አድርጋ ነጭ ሰሌዳ ላይ ሦስት የደም ጠብታ አስቀመጠች። በአንዱ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ጠብ አደረገች፣ በሁለተኛው ላይ ቢጫ፣ በሦስተኛው ላይ ቀለም የሌለው። በስንጥር አማሰለችና ሰሌዳውን ወዲያ ወዲህ አወዛወዘችው።

«ጋሼ፣ ኦ ፖዘቲቭ ነዎት እኮ።»

ከ10 ዓመት በላይ «ኤ ነኝ» ስል ነው የኖርኩት። ያኔ የመረመረኝ ቤት ወይ ናሙና ተደባልቆበታል፣ ወይ ጸሐፊው ፊደል ስቷል። ደግነቱ ሐኪም ቤት መታወቂያ አይቶ ደም አይሰቅልም። የበሽተኛውን ደም ራሱ እንደገና መርምሮ፣ ከሚሰጠው ደም ጋር አገናኝቶ አይቶ ነው። ባይሆን ኖሮ ያቺ አንዲት ፊደል መቃብሬ ላይ ትጻፍ ነበር።

እኔ ገና በድንጋጤ ላይ ሳለሁ ከኋላዬ የተሰለፈ ጎረምሳ ለጓደኛው እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ኦ ፖዘቲቭማ ተራ ደም ነው። እኔም ኦ ነኝ። እነሱ የሚፈልጉት ኔጋቲቩን ነው። ና እንሂድ።» ሄዱ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይቺ «ተራ ደም» የምትባል ነገር ናት። ብዙዎቻችን የደም ዓይነትን እንደ ዕጣ ቁጥር ነው የምናየው። ብርቅ ቁጥር ከወጣልን እንፈለጋለን፣ ካልወጣልን ቤታችን እንቀመጣለን። ፊደሉ በእውነቱ ምን እንደሆነ ብናውቅ ግን እንዲህ የምንል አይመስለኝም። ፊደሉ አንድ ስኳር ነው። በቀይ የደም ሴላችን ቆዳ ላይ፣ በውጭ በኩል የቆመ አንድ ስኳር።

ወደ ሰሌዳው ልመለስ። ሰማያዊው ፈሳሽ ውስጥ የኤን ስኳር የሚያውቁ አንቲቦዲዎች (ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ የሚይዝባቸው ፕሮቲኖች) አሉ። ቢጫው ውስጥ ያሉት የቢን ስኳር ያውቃሉ። አንቲቦዲው ብዙ እጅ አለው፤ በአንዱ እጁ አንዱን ሴል፣ በሌላው ሌላውን ይይዛል። የሚያውቀው ስኳር ካለ ሴሎቹን እርስ በርስ ያስተሳስርና ደሙ ይጓጉላል። በዓይን ይታያል፤ እንደተበላሸ ወተት ነው። ከእኔ ቀጥሎ የተመረመረችው ሴት ቢጫው ላይ ጓጎለባት፤ ቢ ናት። የእኔ ግን በሰማያዊውም በቢጫውም ልስልስ እንዳለ ቀረ። የሚይዙት ነገር አጡ።

ይህን ነገር መጀመሪያ ያስተዋለው ካርል ላንድስታይነር የሚባል ኦስትሪያዊ ሐኪም ነው። ቪየና ውስጥ የራሱንና የሥራ ባልደረቦቹን ደም ቀድቶ፣ የአንዱን ሴል ከሌላው የደም ውኃ ጋር ቀላቀለው። አንዳንዱ ጓጎለ፣ አንዳንዱ አልጓጎለም። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1901 አሳተመ። ከዚያ በፊት ደም መስጠት ቁማር ነበር፤ አንዱ ይድናል፣ ሌላው እዚያው ይሞታል፣ ምክንያቱን የሚያውቅ የለም። ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. በ1930 ኖቤል ተሸለመበት። ግን ያ ያስጓጎለው ነገር ምን እንደሆነ እሱም አላወቀም። ስኳር መሆኑ ጥርት ብሎ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው፤ እንግሊዝ አገር ዋልተር ሞርጋንና ዊኒፍሬድ ዋትኪንስ ባደረጉት ምርምር።

ስኳሩ ሲባል ሻይ ውስጥ የምንጨምረው አይደለም። የዚያ ዘመዶች ናቸው። በክር እንደተሰካ ዶቃ አስቡት። የሁላችንም ቀይ የደም ሴል ላይ የዶቃ ክሮች አሉ። ጫፋቸው አካባቢ ጋላክቶስ የሚባል ዶቃ አለ፤ በጎኑ ፉኮስ የሚባል ሌላ ተንጠልጥሏል። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው ኦ ነው። ጋላክቶሱ ላይ ኤን-አሴቲል ጋላክቶሳሚን የሚባል አንድ ዶቃ የጨመረ ኤ ነው። በዚያው ቦታ ሌላ ጋላክቶስ የጨመረ ቢ ነው። ሁለቱንም በየክሩ ላይ የጨመረ ኤቢ። በቃ፣ ይኸው ነው። በኤና በቢ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት አቶሞች ናቸው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ኦን የሚጽፉት እንደ ፊደል ሳይሆን እንደ ዜሮ ነው። ምንም ያልተጨመረበት ማለት ነው። እኔ እንግዲህ ዜሮ ነኝ።

አንድ ቀይ የደም ሴል ላይ እንዲህ ያለ የኤ ጫፍ ያለው ክር አንድ ሚሊዮን ገደማ ይቆማል። ሴሉ ራሱ ደግሞ ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ያንሳል። ይህ ሁሉ ጥለት ምን ላይ ነው የተጠለፈው?

ዘይት ላይ ነው። እውነቴን ነው። ሴል የተጠቀለለበት ሽፋን በዋነኛነት የስብ ዘር ነው፤ ፎስፎሊፒድ ይባላል። ወጥ ስትሠሩ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ፣ ትናንሽ ክቦቹ እየተጠጋጉ አንድ ትልቅ ክብ ሲሆኑ አይታችኋል። ማንም አልነካቸውም፤ ውኃን ስለሚሸሹ ነው የሚሰባሰቡት። ፎስፎሊፒድም እንደዚያ ነው፣ አንድ ልዩነት ብቻ አለው። አንድ ራስና ሁለት ጭራ አለው። ጭራዎቹ ዘይት ናቸው፤ ውኃ አይወዱም። ራሱ ግን ውኃ ይወዳል። እንዲህ ዓይነት ሁለት ልብ ያለው ነገር ውኃ ውስጥ ስትጨምሩት ምን ያድርግ? ጭራውን ከጭራ ጋር ይደብቃል፣ ራሱን ወደ ውኃው ያዞራል። እግር ለእግር እንደሚተኙ ሁለት ወንድማማቾች፣ ሁለት ረድፍ ሆኖ ይነጠፋል። የንጣፉ ዳር ክፍት ከሆነ ደግሞ እዚያ ያሉት ጭራዎች ውኃ ይነካቸዋል። ስለዚህ ዳርና ዳሩ ተጠማዝዞ ይገጥምና ድቡልቡል ከረጢት ይሆናል። ሰፊ የለውም፣ መርፌ የለውም። ራሱ ይሰፋል። ሲቀደድም ትንሽ ከሆነ ራሱ ይገጥማል።

ሁለት ረድፍ መሆኑ የታወቀበት ታሪክ ያስቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1925 ኤቨርት ጎርተር የሚባል ሆላንዳዊ የሕፃናት ሐኪምና ግሬንዴል የሚባል ባልደረባው ከቀይ የደም ሴሎች ስቡን በአሴቶን አወጡት። ውኃ ላይ አንድ ረድፍ አድርገው ዘረጉት። ስፋቱን ለኩ። ሴሎቹ ካላቸው ቆዳ ሁለት እጥፍ ሆነ። እንግዲያው ሴሉ ላይ ሁለት ድርብ ነበር ማለት ነው አሉ። ልክ ናቸው። ግን አሴቶኑ ስቡን ሁሉ አላወጣውም ነበር። የሴሉን ስፋት ሲለኩም የደረቀ ሴል ስለለኩ አሳንሰውታል። ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተው ትክክለኛው መልስ ወጣ። እንዲህ ዓይነት ዕድል ለእኔ አንድ ቀን እንኳ የሒሳብ ፈተና ላይ ቢገጥመኝ!

የሽፋኑ ውፍረት 5 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። 200 ሺህ ሽፋን ብትደራርቡ አንድ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ደግሞም ፈሳሽ ነው፤ ፎስፎሊፒዶቹ በየረድፋቸው እንደ መርካቶ ሰው ይጋፋሉ፣ ይንሸራተታሉ። ቀይ የደም ሴል ከራሱ በጠበበ የደም ሥር ተጨብጦ የሚያልፈው አንድም በዚህ የተነሣ ነው። በውስጡ ደግሞ ፕሮቲኖች ተሰክተዋል። ሲንገርና ኒኮልሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን ሁሉ በአንድ ሥዕል አስቀመጡት፣ እስከ ዛሬ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ያለው እሱ ነው።

የእኛ ብሎክ ልጆች ውኃ በመጣ ቀን ኦሞ በጥብጠው በእስክሪብቶ ቀፎ አረፋ ይነፋሉ። ያም አረፋ የዚሁ ዘመድ ነው፣ ግን የተገለበጠ። እዚያ ውኃው በሁለቱ ረድፎች መሐል ተይዟል፤ ጭራዎቹ ናቸው ወደ አየሩ የወጡት። ሳሙናም ራስና ጭራ አለው፤ ጀርም የሚገድለውም ቢሆን የጀርሙ የስብ ሽፋን መሐል ጭራውን አስገብቶ እየበታተነው ነው። ይኼ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በየበሩ ጀሪካንና ሳሙና ሲቀመጥ ብዙ ያልተነገረ ምሥጢር ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ። ሽፋኑ ሁለት ረድፍ ከሆነ፣ ስኳሩ ለምን በውጭ በኩል ብቻ ቆመ? የሴልን የላይ ሽፋን ብትገለብጡት በውስጥ በኩል የዶቃ ክር አታገኙም። ለምን?

ለዚህ መልሱን ያገኘሁት ገንፎ ድስት ላይ ነው ብል አትሳቁብኝ። ገንፎ ሲንተከተክ ከሥር አረፋ ይነሣል። ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ሲደርስ «ቧ» ብሎ ይፈነዳል። ልብ በሉ፤ የአረፋው የውስጥ ግድግዳ የነበረው ገንፎ፣ አረፋው ሲፈነዳ የላይኛው ገጽ ሆነ። ውስጥ የነበረው ወደ ውጭ ዞረ።

ሴልም ሽፋኑን የሚያሳድገው እንዲሁ ነው። አዲስ ሽፋን ከምንም አይፈጠርም። ሁልጊዜ ከነበረው ሽፋን ላይ ነው የሚቀጠለው፣ እንደ እርሾ። ሴሉ ውስጥ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚባል የታጠፈና የተጣጠፈ የሽፋን መረብ አለ። አዳዲስ ፎስፎሊፒዶች እዚያ ይሠራሉ። መጀመሪያ በአንደኛው ረድፍ ላይ ብቻ ይጨመራሉ። እንዲያ ከቀጠለ አንዱ ጎን ያብጥ ነበር፤ ስለዚህ እያገላበጡ ሁለቱን ረድፍ የሚያመጣጥኑ ፕሮቲኖች አሉ። ሽፋኑ ሲበዛ ከረጢት ከረጢት እየሆነ ይቆረጣል። ከረጢቶቹ ጎልጂ ወደሚባለው ቦታ ይሄዳሉ። ካሚሎ ጎልጂ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1898 ያየው፣ እንደ ተደራረበ እንጀራ የሚመስል ነገር ነው።

የስኳር ጥልፉ የሚሠራው በእነዚህ ሁለት ቤቶች ነው። ጠላፊዎቹ ኢንዛይሞች ናቸው፤ የተቀመጡትም በከረጢቱ ውስጥ በኩል ነው። አንድ ፕሮቲን ገና ሲሠራ 14 ስኳር ያለው አንድ የተዘጋጀ ዘለላ በአንድ ጊዜ ይለጠፍበታል። ከዚያ እየተቆረጠ፣ እየተቀነሰ፣ ጎልጂ ሲደርስ ሌላ እየተጨመረበት የራሱን ቅርጽ ይይዛል። የኤና የቢ ዶቃም የሚሰካው እዚያው ጎልጂ ውስጥ ነው። በመጨረሻ ከረጢቱ ወደ ሴሉ ቆዳ ይሄድና ይገጥማል። ቧ! በከረጢቱ ውስጥ የነበረው ስኳር የሴሉ ውጭ ሆነ። የገንፎው አረፋ ማለት ነው። ተመልሶ ወደ ውስጥ እንዳይገለበጥ ደግሞ ስኳር ውኃ ወዳድ ነው። መሐል ያለውን ዘይት አቋርጦ ማለፍ አይሆንለትም። እንደቆመ ይኖራል።

ቀይ የደም ሴል ላይ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ከመቅኒ ሲወጣ ኒውክለሱንም፣ ጎልጂውንም፣ ሁሉንም አራግፎ ነው። ባዶ ከረጢት ነው፤ ሄሞግሎቢን ብቻ የሞላው። ስለዚህ በጉዞ ላይ ልብሱን የሚያድስበት ስፌት ቤት የለውም። መቅኒ ውስጥ የለበሰውን ጥልፍ ለብሶ 120 ቀን ያህል ይዞርና ያረጃል። ሲያረጅ ጉበትና ጣፊያ ያሉ ጠራጊ ሴሎች ይበሉታል። መቅኒያችን በየሴኮንዱ ከ2 ሚሊዮን በላይ አዳዲሶችን ያወጣል፤ ይህን ዐረፍተ ነገር አንብባችሁ እስክትጨርሱ ስንት እንደወጣ አስሉት።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈር ሐሜት ትንሽ ላውራ። ስኳሩ በቀጥታ በዘር አይተላለፍም። የሚተላለፈው ዶቃውን የሚሰካው ሠራተኛ፣ ኢንዛይሙ ነው። መመሪያው ያለው 9ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። የኤ ሠራተኛና የቢ ሠራተኛ 354 አሚኖ አሲድ ያላቸው መንትዮች ናቸው፤ የሚለያዩት በ4ቱ ብቻ ነው። የኦ ሠራተኛ ደግሞ በአብዛኛው ከመመሪያው አንዲት ፊደል ተገድፋበት፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርጉም የለሽ የሆነበት ነው። ሥራ ፈት ነው። እያንዳንዳችን ከአባትና ከእናት አንድ አንድ ሠራተኛ እንወርሳለን። አንድ አባት ኤ፣ እናትም ኤ ሆነው ሁለቱም ሥራ ፈቱን ደብቀው ሊይዙ ይችላሉ። ልጃቸው ሁለቱን ሥራ ፈቶች ከወሰደ ኦ ይሆናል። «የልጄ ደም ከእኔ አይገጥምም» ብሎ ትዳር ያፈረሰ ሰው በሰፈራችን አውቃለሁ። እሱ ኤ፣ ሚስቱ ቢ፣ ልጁ ኦ። እናንተዬ፣ ይኼ ፍጹም የሚሆን ነገር ነው! ሚስቱ በዚህ የተነሣ ስንት ቀን እንዳለቀሰች ሳስብ ያመኛል።

እሺ፣ ስኳሩ ለጌጥ ብቻ ነው? አይደለም። ከዶቃዎቹ መካከል ሲያሊክ አሲድ የሚባለው ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ሁሉም ቀይ ሴል እሱን ስለለበሰ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ደማችን ሳይጣበቅ የሚሮጠው አንድም በዚህ ነው። ችግሩ የሴሉን ልብስ የምናነበው እኛ ብቻ አለመሆናችን ነው። በሽታም ያነበዋል።

በ2008 ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ገብቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ጥሬ ሥጋና ሰላጣ የፈራንበት ጊዜ ነው። አተት ከሚያመጡት አንዱ ኮሌራ ነው። የኮሌራ ባክቴሪያ ራሱ የአንጀት ሴል ውስጥ አይገባም፤ ውጭ ተቀምጦ መርዝ ይለቃል። መርዙ ክብ ሆነው የተደረደሩ አምስት ተመሳሳይ ክፍሎች አሉት። እንደ አምስት ጣት ናቸው። የአንጀት ሴል ቆዳ ላይ ጂኤም1 የሚባል ስብ አለ፣ በላዩ የስኳር ዘለላ ያለው። መርዙ በአምስት ጣቱ ያንን ዘለላ ጨብጦ ነው የሚገባው። ከገባ በኋላ ሴሉ ጨውና ውኃውን ወደ አንጀት ያፈሳል። ክፉኛ የታመመ ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ሊያጣ ይችላል። ደግሞ የሚገርመው መድኃኒቱም በስኳር መሆኑ ነው። ኦአርኤስ ውስጥ ያለው ግሉኮስ ጨውን እጁን ይዞ ወደ ሴል ያስገባዋል፣ ውኃው ይከተላል።

በዚህ በሽታ እኛ ኦዎች አልታደልንም። ኮሌራ ሲይዘን የመበርታት አዝማሚያ አለው። በወባ ግን ተራው የእኛ ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው ወባ የያዘው ሴል ጤነኞቹን ሴሎች ዙሪያውን እየለጠፈ ዘለላ ይሠራል፣ ቀጭን የደም ሥር ይዘጋል። ለመለጠፍ የኤ ስኳር ይመቸዋል። ኦ ላይ ይዳከማል። ስለዚህ ኦ የሆነ ሰው ወባ አይያዝም ባይባልም ወደ ጽኑ ሕመም የመድረስ ዕድሉ ያንሳል። ለሥራ ቆላ ወርደው የሚመለሱ የሰፈራችን ልጆች ግን ይህን ሰምተው አጎበር እንዳይተዉ አደራ።

ኤ የሆነ ሰው የቢን ደም አይቶ ሳያውቅ የቢ አንቲቦዲ ከየት አመጣ? ከአንጀቱ ነው። አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ልብሳቸው ላይ ተመሳሳይ ስኳሮች አሏቸው። ሕፃን ሲወለድ እነዚህን አንቲቦዲዎች ራሱ አይሠራም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ባክቴሪያዎቹን እያየ ይማራል። የራሱ ያልሆነውን ስኳር ሁሉ ጠላት አድርጎ ይመዘግባል። እኔ ኦ ስለሆንኩ ኤንም ቢንም እጠላለሁ። ለዚህ ነው ከኦ በስተቀር ደም መቀበል የማልችለው። የእኔን ቀይ ሴል ግን ሌላው ሰው አይጠላውም፤ የሚጠላው ዶቃ የለበትም።

እንግዲህ ወደዚያ ጎረምሳ ልመለስ። ኔጋቲቭና ፖዘቲቭ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ስኳር አይደለም፣ አርኤች የሚባል ፕሮቲን መኖር አለመኖር ነው። ሽፋኑ ውስጥ ተሰክቶ ይኖራል፤ ስኳር እንኳ አልተንጠለጠለበትም። አገራችን ላይ ኔጋቲቭ የሆነ ሰው ከ100 ውስጥ 10 አይሞላም። ስለዚህ በየቴሌግራሙ «ኦ ኔጋቲቭ ደም በአስቸኳይ» ሲባል እውነትም ጭንቅ ነው። ልጁ እዚህ ላይ አልተሳሳተም።

የሳተው ቀጣዩን ነው። ኦ ከ10 ሰው 4 ያህሉ ነው። «ብዙ ነንና አንፈለግም» ያለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ግን ብዙ ከሆንን የሚታመመውም፣ የሚወልደውም፣ መኪና የሚገጨውም ብዙው ኦ ነው። ያ በሽተኛ ደግሞ ከኦ ሌላ መቀበል አይችልም። በላዩ ላይ የእኛ ደም ፖዘቲቭ ለሆኑት ለኤም፣ ለቢም፣ ለኤቢም ይሄዳል፤ የሰውየውን ዓይነት ለመመርመር ጊዜ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚነሣው ኦ ነው። አንዲት እናት ወልዳ ደም አልቆም ሲላት ደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ያኔ ከፍሪጁ ቶሎ ከሚያልቀው አንዱ ይኸው «ተራው» ነው።

ደም ደግሞ አይከማችም። ቀዩ ሴል በፍሪጅ ውስጥ እንደ ማቆያው ፈሳሽ ዓይነት 35 ወይም 42 ቀን ቢቆይ ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ደግሞ 5 ቀን ገደማ ነው። በመስቀል የተሰጠ ደም ለገና አይደርስም። እንደ እንጀራ ሁልጊዜ መጋገር አለበት። ለአንድ አገር ቢያንስ ያስፈልጋል ተብሎ በተለምዶ የሚጠቀሰው መለኪያ በዓመት የሕዝቡን 1 በመቶ የሚያህል ዩኒት (አንድ ለጋሽ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ደም) ነው። ለኛ ይኼ ከ1 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። የምንሰበስበው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው።

እንደኔ እንደኔ የከተማው ዳር የሚረሳው እዚህ ላይ ነው። አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ስንት ሕዝብ ነው የገባው? ከዚህ ተነሥቶ ደም ለመስጠት መሐል ከተማ መውረድ ማለት ሁለት ታክሲና ግማሽ ቀን ነው። ደሞዙን በቀን የሚያገኝ ሰው ያን አያደርግም፤ አልፈርድበትም። ድንኳኑ እዚህ ሲመጣ ግን ሰው ይሰለፋል፤ ቅዳሜ ዕለት ሰልፉ እስከ ጀበና ቡናዋ ድረስ ነበር። ስለዚህ ጉድለቱ የልግስና አይመስለኝም። የርቀትና የ«ተራ ደም» ወሬ ነው።

አንድ ሌላ መንገድ አለ፣ የእኛን አገር የሚነካ። ኤና ኦን የሚለየው አንድ ዶቃ ከሆነ፣ ዶቃውን ለምን አንነቅለውም? ያሰቡት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 ኒው ዮርክ ያሉ ተመራማሪዎች የቢን ጋላክቶስ የሚቆርጥ ኢንዛይም ቢ ደም ላይ አድርገው ወደ ኦ ቀየሩት። የተቀየረውን ጥቂት ደም ለኤና ለኦ ሰዎች ሰጧቸው፤ ሴሎቹ እንደ ማንኛውም ደም ኖሩ። ኢንዛይሙ ከየት የተገኘ ይመስላችኋል? ከጥሬ ቡና ፍሬ! አልፋ ጋላክቶሲዴዝ ይባላል፤ ያልተቆላ ቡና ውስጥ አለ። ሲቆላ ይሞታል፣ ስለዚህ ስኒያችን ውስጥ አትፈልጉት።

ኤ ግን አስቸገረ። ዶቃው ጠንካራ ነው፣ ዓይነቱም ከአንድ በላይ ነው። ብዙ ኢንዛይም ስለሚፈጅ ዋጋው አልቀመስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ካናዳ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ከሰው አንጀት ባክቴሪያ የተሻሉ ኢንዛይሞችን አገኙ። በ2024 ዴንማርክና ስዊድን ያሉ ሌሎች ደግሞ የአንጀታችንን ንፍጥ እየበላ ከሚኖር ባክቴሪያ ሌሎችን አወጡ። ብልህነት ነው፤ የአንጀት ንፍጥ ላይ እነዚሁ የኤና የቢ ስኳሮች ስላሉ ባክቴሪያው ድሮም ሥራው እነሱን መንቀል ነው። ያም ሆኖ እስካሁን በየሐኪም ቤቱ የሚሰጥ የተቀየረ ደም የለም። ዶቃው ተነቅሎም አንዳንድ ተቀባይ ደሙን አልቀበልም ሲል ታይቷል። በዚያ ላይ ኢንዛይሙ የሚለውጠው ያለውን ደም ነው እንጂ ደም አይፈጥርም።

ሰጥቼ ስወጣ ብስኩትና ጁስ ይዤ ጎረቤቴ እትዬ ጋ ገባሁ። ቡና ለመቁላት እየለቀሙ ነበር። የሰማሁትን ነገርኳቸው። አንዲት ጥሬ ፍሬ በሁለት ጣታቸው አንሥተው ብርሃን ላይ አዩዋት። «ይቺ ናት ደም የምትቀይረው?» አሉ። ከዚያ ወደ ምጣዱ ጣሏት።

ሰኞ ቢሮ ስገባ መታወቂያዬ ላይ ያለችውን «ኤ» በእስክሪብቶ ሰርዤ «ኦ» ጻፍኩባት። የበሩ ጥበቃ አገላብጦ አይቶ ሰነድ ማበላሸት እንደሚያስቀጣ ነገረኝ። አዲስ ይሠራልኝ ብዬ አመልክቻለሁ። ከሐኪም ቤት የተረጋገጠ ወረቀት አምጣ ተብያለሁ።